መድኃኒቱን ከነልኩ ስጡን፦ ለወረዳችን ግብርና ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የወረዳችን ግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ለሰብል ጥበቃ ባለሙያዎች፣
በየቀበሌው ለምትሠሩ የልማት ሠራተኞች፣

ጤና ይስጥልን።

እኛ በሰሜን ሸዋ ደጋ ድንች፣ ባቄላ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቂት ፖም የምናለማ ገበሬዎች ነን። ሠላሳ ያህል አባወራና እማወራ እንሆናለን። ከሦስት ዓመት በፊት ጽሕፈት ቤታችሁ ሰብስቦ «ከኬሚካል ነፃ አምራቾች» ብሎ አደራጀን። ሪዶሚልና ማንኮዜብ የሚባሉትን የሰብል በሽታ መከላከያ ኬሚካሎች ተዉ አላችሁን፤ ተውን። ዩሪያ ተዉ አላችሁን፤ ፍግና ኮምፖስት አዘጋጀን። በምትኩ ለድንች በሽታ ሰማያዊ ዱቄት ሰጣችሁን። ስሙ ኮፐር ነው ተባለ፤ መዳብ ማለት ነው። «ተፈጥሯዊ ነው፣ አይጎዳም፣ በየሳምንቱ እርጩ» ተባልን።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን ባለፈው ግንቦት የተጠራው ስብሰባ ነው። ለዘንድሮ ክረምት ያው ዱቄት በእጥፍ እንደሚመጣ፣ በሌሎች ቀበሌዎችም እንደሚከፋፈል ተነገረን። ስለ ልኩ ጠየቅን። ስለ በጎቻችን ጠየቅን። ስለ መሬታችን ጠየቅን። «ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው መልስ ተደገመልን። ከዚያ በፊት ደግሞ በጥር አንድ፣ በሚያዝያ አንድ ደብዳቤ በእጃችን ይዘን መጥተን መዝገብ ቤት አስገብተናል። ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። መልስ ግን እስከ ዛሬ የለም። ስለዚህ ጉዳዩን ሰው ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ ጻፍነው።

መዳብ ይከልከል እያልን አይደለም። ይህ ቀድሞ ይታወቅልን። ሪዶሚልና ማንኮዜብ የማይጠቀም ሰው በክረምት ድንቹን ከምች፣ ማለትም ቅጠሉን እያጠቆረ ከሚያደርቀው በሽታ፣ ሊያድን ከፈለገ እስካሁን ከመዳብ የተሻለ የሚረጭ ነገር የለውም። በሌላው ዓለም ያሉ ኦርጋኒክ አምራቾችም ይጠቀሙበታል። ታሪኩም ረጅም ነው። በፈረንሳይ፣ በቦርዶ አካባቢ፣ ወይን አልሚዎች መንገደኛ ፍሬ እንዳይቆርጥባቸው በመንገድ ዳር ያለውን ወይን ኮፐር ሰልፌት የሚባለውን የመዳብ ጨውና ኖራ ቀላቅለው ይረጩት ነበር። ቅጠሉ ሰማያዊ ሆኖ ሲያዩት ሰዎች ይሸሹታል። እ.ኤ.አ. በ1882 ሚላርዴ የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ በዚያ ሲያልፍ አንድ ነገር አየ። የተረጨው ወይን ቅጠሉ ደህና ነው፤ ያልተረጨው በበሽታ ረግፏል። ነገሩን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1885 ይፋ አደረገው። «የቦርዶ ድብልቅ» የሚባለው ይህ ነው። ብዙም ሳይቆይ ለድንች ምችም ዋለ።

እንግዲህ መድኃኒቱ ከ130 ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህን ሁሉ ዘመን የተጠቀሙበት ሰዎች ምን እንደሚያድን ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚጎዳም ያውቃሉ። ለእኛ የደረሰን የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነው። ቅሬታችን ከዚህ ይጀምራል።

የመጀመሪያው ጉዳይ የአጠቃቀሙ ነው። ዱቄቱ የመጣልን ከትልቅ ከረጢት እየተዘገነ፣ በፌስታል ተቋጥሮ ነው። ምንም ጽሑፍ የለበትም። ስንት ግራም በስንት ሊትር? መቼ ይረጫል? ከተረጨ በኋላ ምርቱ ስንት ቀን ይቆያል? ማን ይጠንቀቅ? አንዱም አልተጻፈም። የመጀመሪያው ዓመት ኮፐር ሰልፌት መጣ። በሁለተኛው ዓመት የመጣው ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ይሁኑ አይሁኑ ዛሬም አናውቅም። በፌስታል ሲመጣ ስሙም ኃይሉም ከረጢቱ ላይ ቀርቷል።

አንዲት የቡድናችን እማወራ የደረሰባትን ልንገራችሁ። ድንቿ በሐምሌ መጨረሻ ቅጠሉ በቦታ በቦታው ሲጠቁር አየች። የዚያን ዕለት መርጨት ጀመረች። አምስት ሳምንት ውስጥ 9 ጊዜ ረጨች። ዝናብ ሲያጥበው ደገመች፣ ሲያጥበው ደገመች። ልጆቿ ከምንጭ ውሃ ሲያመላልሱ ክረምቱ አለቀ። ከግማሽ ጥማድ 3 ኩንታል እንኳ አልሞላላትም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከዚያው መሬት 12 ኩንታል አግኝታ ነበር። እሷ የሰነፈችው ነገር የለም። የጎደላት አንድ ምክር ነው። መዳብ ቅጠሉ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ቅጠሉ ሲረጥብ ጥቂት ጥቂቱን እየሟሟ የበሽታውን ዘር ቅጠሉን ሳይወጋ ይገድለዋል። በሽታው አንዴ ውስጥ ከገባ ግን አያወጣውም። ዘበኛ ነው፣ ሐኪም አይደለም። ዘበኛ ደግሞ ሌባው ከገባ በኋላ ቢቀጠር ምን ያደርጋል? መረጨት የነበረበት ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ጭጋጉና ዝናቡ ሲከታተል ነበር። «በየሳምንቱ እርጩ» ከማለት ይልቅ «ይህን ምልክት ስታዩ፣ ከዚህ ቀን በፊት እርጩ» ብትሉን ኖሮ በሦስት ርጭት ያድናት ይሆናል።

ሌላው የቡድናችን አባት ደግሞ ቅጠሉን አቃጠሉ። ኮፐር ሰልፌት ብቻውን ለቅጠል ኃይለኛ ነው። ከኖራ ጋር ተቀላቅሎ መብረድ አለበት። ኖራ አልተሰጠንም። «ለአሲዳማ መሬት ከተሰጣችሁ ኖራ ቀላቅሉ» አለ አንድ ባለሙያ። በቅንነት እንደተናገረ አንጠራጠርም። ነገር ግን ለመሬት የሚታደለው ኖራ የተፈጨ ጥሬ ድንጋይ ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆነው በእሳት የተቃጠለው፣ ግድግዳ የሚቀባው ኖራ ነው። ሁለቱም ኖራ ይባላሉ፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። አባታችን በተነገራቸው መሠረት ቀላቀሉ። ያውም በብረት በርሜል። ኮፐር ሰልፌት ብረት ይበላል። በርሜሉም ተበላሸ፣ ድንቹም በሦስተኛው ቀን ጫፍ ጫፉ ነዶ ታየ።

ይህን ሁሉ ለማወቅ ትልቅ ትምህርት አያስፈልግም። 1 ኪሎ ኮፐር ሰልፌት፣ 1 ኪሎ የተቃጠለ ኖራ፣ 100 ሊትር ውሃ። ለ20 ሊትር የጀርባ መርጫ 200 ግራምና 200 ግራም ማለት ነው። ሁለቱን በተለያየ የፕላስቲክ ዕቃ ማሟሟት፣ ከዚያ መቀላቀል፣ በዚያው ቀን ረጭቶ መጨረስ። ድብልቁ ትክክል መሆኑን ለማየት ንጹህ ሚስማር ነክሮ ጥቂት ቆይቶ ማውጣት ነው። ሚስማሩ ቀላ ያለ መዳብ ከለበሰ ኖራ ይጎድለዋል። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃዋል። ያን አንድ ገጽ ነው ሦስት ዓመት ሙሉ የጠበቅነው።

የዓይን ነገርም አለ። የአንዱ አባላችን ልጅ፣ የ17 ዓመት ወጣት፣ ዱቄቱን ሲያማስል ነፋስ መልሶ ዓይኑ ውስጥ አስገባበት። ደብረ ብርሃን ድረስ ተወስዶ ታከመ። ተመስገን፣ ዓይኑ ተርፏል። ኮፐር ሰልፌት ዓይንን ክፉኛ የሚጎዳ ነገር ነው። መነጽርም፣ ጓንትም፣ «ተጠንቀቁ» የሚል ቃልም አልመጣልንም።

አሁን ስለ በጎቹ።

ደጋ ላይ በግ ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ማዳበሪያውም፣ የልጅ ደብተሩም፣ የሐኪም ቤቱም ገንዘብ ከበግ ነው። የመንዝ በግ ብርድ ይችላል፣ ችግር ይችላል፣ በደረቅ ሣር ይከርማል። መዳብ ግን አይችልም። ከቤት እንስሳት ሁሉ በመዳብ ቶሎ የሚመረዝ በግ ነው። ላምና ፍየል የሚችሉትን እሱ አይችለውም። ያገኘውን መዳብ ማስወጣት ስለሚያቅተው በጉበቱ ያጠራቅመዋል። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ምንም ሳይታይበት ይቆያል። ይበላል፣ ይሄዳል፣ ደህና ይመስላል። ከዚያ አንድ ቀን ጉበቱ ያጠራቀመውን በአንድ ጊዜ ወደ ደሙ ይለቀዋል። ዓይኑ ቢጫ ይሆናል። ሽንቱ እንደ ጠቆረ ደም ይሆናል። በአንድ ሁለት ቀን ይሞታል።

ባለፈው ጥቅምት አንዲት ባሏ የሞተባት እናት 5 በጎች ሞቱባት። ከድንቹ መሃልና ከድንበሩ የታጨደውን አረም እያመጣች ነበር ከክረምት ጀምሮ የምታበላቸው። ማሳው 8 ጊዜ ተረጭቷል። አረሙም አብሮ ተረጭቷል። መርጫው የሚታጠበው ደግሞ በጎቹ በሚጠጡበት ወራጅ ውሃ ነው። እሷ ምን ታውቃለች? «አይጎዳም» ተብሏል። የመጀመሪያው በግ ሲሞት ጎረቤት ዓይን ነው አለ። ሁለተኛው ሲሞት ጠበል ተረጨ። ሦስተኛው ላይ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ተጠራ። ባለሙያው የሞተውን ከፍቶ ጉበቱንና ኩላሊቱን አየ። «ምን አበላችኋቸው?» ብሎ ጠየቀ። ሰማያዊውን ዱቄት ስናሳየው ራሱን ያዘ። ሁለቱ ቀሪዎችም በዚያው ሳምንት አለቁ። እናታችን ከ5ቱ ሁለቱን ለልጇ የትምህርት ቤት ወጪ አስባቸው ነበር። ልጅቷ ዘንድሮ አልተመዘገበችም።

ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ምክንያቱም የቡድኑ ጸሐፊ እኔ ነኝ። ዱቄቱን በፌስታል ያደረስኩላት እኔ ነኝ። «አይጎዳም» ያልኳትም እኔ ነኝ፤ የተነገረኝን ነው የነገርኳት። «የተረጨ ማሳ ላይ በግ አታስገቡ፣ ከዚያ የታጨደ አታብሉ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢነገረኝ ኖሮ እነዚያ በጎች ዛሬ በሕይወት ይኖሩ ነበር ብዬ አምናለሁ። እናንተ ግብርና ናችሁ። ሰብልም እንስሳም በአንድ ጣሪያ ሥር ነው ያላችሁት። የሰብል ጥበቃው ክፍል ለእንስሳት ጤናው ክፍል መንገር እንዴት አቃተው? ቢሮዎቹ በር ለበር ናቸው።

ሌላው ትልቅ ጉዳይ መሬቱ ነው። ይህ እንደ በጎቹ በዓይን አይታይም። ስለዚህ የበለጠ ያስፈራናል።

መዳብ ማዕድን ነው። አይበሰብስም፣ አይተንም፣ ፀሐይ አይሰብረውም። ዛሬ የረጨነው ዝናብ አጥቦት አፈሩ ላይ ይወርዳል፣ እዚያው ከላይኛው አፈር ጋር ይቀራል። የዛሬ ዓመት የምንረጨው በላዩ ይጨመራል። ልጆቻችን የሚያርሱት ያንኑ አፈር ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት መዳብ በተረጨባቸው የአውሮፓ የወይንና የፖም እርሻዎች የአፈር ትል እየጠፋ፣ አፈሩ እየደከመ መሄዱ በደንብ ይታወቃል። አፈሩ አሲዳማ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ መዳቡ በቀላሉ እየሟሟ ሥርንና ትልን ያገኛል። የእኛ መሬት አሲዳማ ነው። ኖራ የምታከፋፍሉልን ለዚሁ አይደል? ታዲያ አሲዳማ ነው ባላችሁት መሬት ላይ ያለ ልክ መዳብ እርጩ ማለት እንዴት ይሆናል?

ሌሎች ልክ አበጅተውለታል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ያስቀመጠው ጣሪያ በ7 ዓመት ውስጥ በሄክታር 28 ኪሎ ንጹህ መዳብ ነው። በአማካይ በዓመት 4 ኪሎ ይሆናል። ዴንማርክና ኔዘርላንድ ደግሞ ለሰብል በሽታ መከላከያነት ለብዙ ዓመታት ሳይፈቅዱት ኖረዋል። ይህን ወደ ጥማድ አምጥተን ከአባላቱ ጋር ቁጭ ብለን አስልተነዋል። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነው። ለአንድ ጥማድ በዓመት 1 ኪሎ ንጹህ መዳብ ይደርሰዋል። ኮፐር ሰልፌት ውስጥ ያለው መዳብ ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። ስለዚህ 4 ኪሎ ያህል ኮፐር ሰልፌት ማለት ነው። አንድ ጥማድ ድንች ለመርጨት ወደ 125 ሊትር ውሃ ይፈጅብናል። በ1 ለ100 ልክ አንድ ኪሎ ከሩብ ዱቄት ይገባበታል። ሦስት ጊዜ ስንረጭ የዓመቱ ድርሻ አለቀ ማለት ነው።

እኛስ ስንት ረጨን? አባላቱን አንድ በአንድ ጠይቄ በደብተሬ ጽፌዋለሁ። ባለፈው ክረምት ከመካከላችን ትንሹን የረጨው 6 ጊዜ ነው። ብዙ የረጨው 11 ጊዜ። 11 ጊዜ የረጨው ወንድማችን፣ ዱቄቱ ኮፐር ሰልፌት ከነበረ፣ በአንድ ጥማድ ላይ 14 ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ኮፐር ሰልፌት አፍስሷል። ከጣሪያው ሦስት እጥፍ በላይ ነው። ታዛዥ ገበሬ ነው፤ የተባለውን አደረገ። ስብሰባ ላይ «አርአያ ገበሬ» ተብሎ የተሸለመውም እሱ ነው።

በአውሮፓ ሕግ እንደማንተዳደር እናውቃለን። ግን ምርታችን አንድ ቀን ኦርጋኒክ ተብሎ በጥሩ ዋጋ ይሸጣል ብላችሁ ያደራጃችሁን እናንተ ናችሁ። ያገራችንም ቢሆን የኦርጋኒክ ግብርና አዋጅ ቁጥር 488 የወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ደግሞ በ2002 ዓ.ም.። ባለፈው ዓመት ነጭ ሽንኩርታችንን ሊገዛ የመጣ ነጋዴ «ምን፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ ረጫችሁ? መዝገቡን አሳዩኝ» አለን። መዝገብ የሚባል ነገር አልነበረንም። ያዙ ያለንም የለም። ነጋዴው ሄደ። ሽንኩርቱን ከሌላው ጋር በአንድ ዋጋ ገበያ አውርደን ሸጥነው።

ለማይሠራበት በሽታ ሁሉ መረጨቱም አሳዝኖናል። ነጭ ሽንኩርት ላይ ሥሩን ነጭ ሻጋታ አልብሶ የሚያበሰብሰው በሽታ አፈር ውስጥ ነው የሚኖረው። አንዴ መሬት ከያዘ እስከ 20 ዓመት ይቆያል። ቅጠል ላይ መዳብ ቢረጩበት አይነካውም። ንጹህ ዘር፣ ከታመመ ማሳ የወጣ ዶማና ጫማ ማጽዳት፣ መሬቱን ለሌላ ሰብል መልቀቅ ነው የሚያዋጣው። ባቄላ ላይ ቆርምድ የሚባለው ቅጠሉን የሚያሳብጥ በሽታ ሲመጣም «ኮፐሩን እርጩበት» ተባልን። ለቆርምድ የምናውቀው ባይለቶን የሚባለውን ኬሚካል ነበር፤ እሱን ደግሞ እንድንተው ተደርገናል። ረጨን፤ ቆርምዱ ያሰበውን አደረገ። ገንዘባችንና ጉልበታችን ቀረ፣ መዳቡ መሬት ገባ።

ምትክ አለ ወይ ብላችሁ ትጠይቁን ይሆናል። መዳብን ሙሉ በሙሉ የሚተካ አንድ ነገር የለም። ግን መዳቡን ከአሥር ርጭት ወደ ሁለትና ሦስት የሚያወርድ ሥራ አለ። አብዛኛው በእጃችን ነው። ጥቂቱ ግን በእናንተ እጅ ነው።

ከሁሉ በፊት ዘር። ከሆለታ ምርምር የወጡት ጉደኔና በለጠ የሚባሉት የድንች ዝርያዎች ከድሮው የአካባቢያችን ድንች በተሻለ ምችን ይቋቋማሉ። ፈጽሞ አይታመሙም ማለት አይደለም፤ ግን በእነሱ ላይ አንድ ርጭት ብዙ ይሠራል። ከአባሎቻችን ሁለቱ በለጠን ከዘመድ አግኝተው ተክለዋል። ትንሹን፣ 6 ጊዜ የረጨው ከእነሱ አንዱ ነው። ምርቱም የተሻለው የእነሱ ነበር። እናንተ ደግሞ ለሁላችንም እናመጣለን ብላችሁ ነበር። አምናም አመጣችሁ፤ የመጣው ግን ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። ያኔ የሁላችንም መሬት ተተክሏል። ዘሩ መጋዘን ውስጥ አቆጥቁጦ በሰበሰ። እናንተ በሪፖርት «ተሰራጭቷል» ብላችሁ ጽፋችሁ ከሆነ፣ እባካችሁ አርሙት።

ከዚያ ወቅት። ምች የሚወደው ብርድ፣ ጭጋግና የረጠበ ቅጠል ነው። ደጋው ሐምሌና ነሐሴ ላይ እንዲህ ነው። በበልግና በመስኖ የተተከለ ድንች ብዙውን ጊዜ ያመልጠዋል። ለዚህ ግን ውሃ ያስፈልጋል። ከእኛ በላይ ያለውን ምንጭ ለማጎልበት የተጀመረው ቦይ ሁለት ዓመት ቆሟል። ቦዩ የመዳብ ጉዳይ አይመስልም፤ ለእኛ ግን ነው። ውሃው ቢመጣ ግማሹን ድንች ከክረምት እናወጣዋለን።

እርሻው ላይ የሚሠራውን እኛው እንችላለን። ካለፈው ዓመት ቀርቶ ራሱን ችሎ የሚበቅል ድንች መንቀል፣ የበሰበሰውን ድንች ማሳ ዳር ሳይከምሩ መቅበር፣ አራርቆ መትከል፣ አፈር በደንብ ማስታቀፍ፣ ድንች በድንች ላይ አለመትከል። ሊቆፈር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ግንዱን አጭዶ ማውጣትም በሽታው ወደ ሥሩ ድንች እንዳይወርድ ይረዳል። ይህንን በደቦ ለማድረግ ዘንድሮ ተስማምተናል። የእናንተን በጀት አይጠይቅም።

ስለ ሌሎች የሚረጩ ነገሮችም በቅጡ ንገሩን። ድኝ ቅጠል ላይ ዱቄት ለሚመስለው በሽታ ጥሩ ነው፤ ለድንች ምች ግን አይሆንም። ይህን ባለማወቅ ባለፈው ዓመት ድኝ ገዝቶ ድንች ላይ የረጨ አለ። ትራይኮደርማና ባሲለስ የሚባሉ፣ ከጠቃሚ ተዋህሲያን የሚዘጋጁ ምርቶች በሌላ አገር አሉ። ለምች ከመዳብ ይደክማሉ፤ ለአንዳንድ የአፈርና የቅጠል በሽታ ግን ይረዳሉ። እነዚህ አገራችን ውስጥ ተመዝግበው ከሆነ የት እንደሚገኙ ይነገረን።

የአገር ቤቱን መድኃኒትም አንንቅም። በየቤቱ ግራዋ፣ እንዶድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የከብት ሽንት እየተቀላቀለ ይረጫል። አንዳንዱ ለተባይ ሲሠራ አይተናል። ለምች ግን እስካሁን ልንተማመንበት አልቻልንም። ሳይፈተን ሠርቷል ማለትም፣ ሳይፈተን አይረባም ማለትም አንፈልግም። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ከዚያች ዕይታ ተነስቶ ነው እንዶድን ቀንድ አውጣ ለሚያስተላልፈው ለቢልሃርዚያ መከላከያ ያስተዋወቀው። እንዶድ ግን ዓሣም ይገድላል። ተፈጥሯዊ መሆን ብቻውን ደህና አያደርግም፤ እንዶድም ይሁን መዳብ። መፈተንና መለካት ነው የሚለየው። እኛ መሬት እንሰጣለን፣ ጉልበት እንሰጣለን። ደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከል ቅርባችን ነው። አገናኙን።

የቆላ ወንድሞቻችንም፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ቲማቲምና ቀይ ሽንኩርት የሚያለሙት፣ ይኸው ዱቄት ሊመጣላቸው መሆኑን ሰምተናል። እዚያ በሽታውም ሙቀቱም የተለየ ነው። የእኛ ስህተት እነሱ ላይ እንዳይደገም እንለምናለን።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

ዘንድሮ የሚመጣው መድኃኒት በፋብሪካ ማሸጊያው፣ ስሙና የመዳብ መጠኑ ተጽፎበት፣ በአማርኛ መመሪያ ይምጣ። በፌስታል የሚታደል ከሆነ አንረከብም፤ ይህን በጉባኤ ወስነናል። የአማርኛውን ገጽ ማዘጋጀት ጊዜ ከወሰደባችሁ እኛ ረቂቁን ጽፈናል፤ ባለሙያ አይቶ ያርምልን።

በጥማድ በዓመት ስንት እንደሚፈቀድ ልክ ይቁረጥልን። የእኛ ሐሳብ ከ1 ኪሎ ንጹህ መዳብ እንዳያልፍ ነው። «በየሳምንቱ» የሚለው ምክር ይነሳ።

ከመጀመሪያው ርጭት በፊት፣ ማለትም ሰኔ ሳያልቅ፣ አንድ ቀን ማሳ ላይ መጥታችሁ አቀላቀሉንና የመርጫውን ጊዜ አሳዩን። የእንስሳት ጤና ባለሙያው አብሮ ይምጣ። ከተረጨ ማሳ አረም ለበግ እንዳይሰጥ፣ መርጫም ወራጅ ውሃ ላይ እንዳይታጠብ ለሁሉም ቀበሌ ይነገር። መነጽርና ጓንት ቢያንስ በሦስት ሰው አንድ ይድረሰን፤ ተራ በተራ እንጠቀማለን።

የአፈራችን አሲድነትና የመዳብ መጠን ይመርመር። ሠላሳውም ማሳ ባይቻል፣ 11 ጊዜ ከተረጨውና 6 ጊዜ ከተረጨው ይጀመር። ውጤቱም ለእኛ ይነገር።

የበለጠና የጉደኔ ዘር ለሚቀጥለው ዓመት ከሚያዝያ በፊት ይድረስ። ዘሩን ራሳችን አባዝተን ለሌላው እንሰጣለን። የምንጩ ቦይ ጉዳይም ማን ዘንድ እንደቆመ ይነገረን።

ወደ 8028፣ ወደ ገበሬዎች የስልክ ምክር መስመር፣ ደውሎ ስለ ስንዴ ምክር የሚያዳምጥ ገበሬ ቀበሌያችን ውስጥ አለ። ለድንች ምችም ጭጋጉ ሲበረታ የሚያነቃን መልእክት ቢኖር ያለጊዜው ከመርጨት እንድናለን። ለሚመለከተው አካል አድርሱልን።

በመጨረሻም ለአምስቱ በጎች። ለእናታችን ምትክ ይሰጣት። እኛ በእድራችን ሁለት ጠቦት ገዝተን ሰጥተናታል፤ የቀሩት ሦስት ናቸው። ይህንን እንደ ልመና አትዩት። ምክሩ ከጽሕፈት ቤታችሁ ወጥቷል፣ ጉዳቱም በዚያው ምክር መጥቷል። ልጅቷም ለሚቀጥለው መስከረም ምዝገባ እንድትደርስ እንፈልጋለን።

የርጭቱን ደብተር፣ የጥርና የሚያዝያ ደብዳቤዎቻችንን የመዝገብ ቁጥር፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ማስታወሻ ይዘን ነው የምንጠብቃችሁ። ከገበያ ቀንና ከሰንበት በቀር በጠራችሁን ቀን እንመጣለን። ብትመጡልን ደግሞ ማሳው ላይ ብንነጋገር እንመርጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የደጋ አትክልትና ባቄላ አምራች ገበሬዎች ቡድን ጸሐፊ፣
ስለ ቡድኑ አባላት ሁሉ፣
ሰሜን ሸዋ

ግልባጭ፦
ለቀበሌያችን አስተዳደር
ለእንስሳት ጤና ክሊኒኩ
መድኃኒቱ ዘንድሮ ለሚታደልባቸው ቀበሌዎች ገበሬዎች